ከመርፌው በፊት ያለው ግማሽ ደቂቃ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለመሐንዲሶች ጉባኤ ስለ ሰው ቆዳ መናገር በመጀመሪያ ሲሰማ ያለ ቦታው የገባ ርዕስ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ በአንድ የኩላሊት እጥበት ክፍል ውስጥ ያለው ዕቃ ሁሉ፣ ማለትም የውኃ ማጣሪያው፣ ፓምፑ፣ ቱቦውና መቆጣጠሪያው የምሕንድስና ሥራ ውጤት ነው። ይህ ሁሉ መሣሪያ ከሕመምተኛው ደም ጋር የሚገናኘው ደግሞ ቆዳ ተበስቶ በሁለት መርፌዎች ወይም በአንድ ካቴተር አማካይነት ነው። የዚህ ንግግር ጉዳይም መሣሪያውና ሰውነቱ የሚጋጠሙባት ያች ከአንድ ሳንቲም የማትበልጥ ቦታ ናት።

የነገሩን ስፋት ለመረዳት ጥቂት ቁጥሮችን ማስቀደም ይጠቅማል። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራቸውን ያቆሙበት ሰው በተለመደው ሥርዓት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜውም አራት ሰዓት ያህል ከመኪናው ጋር ይያያዛል። ደሙ በደቂቃ ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር በሚሆን ፍጥነት እየተቀዳ በማጣሪያው ውስጥ አልፎ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። ከማጣሪያው ስስ ክሮች ውጭ ባለው ወገን ደግሞ በደቂቃ 500 ሚሊ ሊትር ያህል የተዘጋጀ ፈሳሽ ይፈስሳል፤ ይህም በአራት ሰዓት 120 ሊትር ይሆናል። በዓመት 156 ጊዜ መታጠብ፣ በየጊዜውም ሁለት መርፌ መወጋት ማለት ቆዳው በዓመት 312 ጊዜ ይበሳል ማለት ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ሕሙማን በገንዘብ እጥረት ምክንያት በሳምንት ሁለት ጊዜ ብቻ ስለሚታጠቡ ቁጥሩ ወደ 208 ዝቅ ይላል፤ ይህ ግን ማንም የሚመኘው ቅነሳ አይደለም። መርፌውም ቢሆን ለክትባት የሚያገለግለው ዓይነት አይደለም። በዚህ ሥራ ከሚዘወተሩት አንዱ የሆነው 15 ቁጥር መርፌ የውጭ ስፋቱ 1.8 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከክትባቱ መርፌ ሦስት እጥፍ ይሆናል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለ የእጥበት መኪና የሚጠብቀው ነገር ብዙ ነው። የፈሳሹን ሙቀት ይለካል፤ የጨውን መጠን በኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ይመረምራል፤ ደሙ ሲቀዳም ሆነ ሲመለስ ያለውን ግፊት ይከታተላል። በመመለሻው ቱቦ ውስጥ አየር ቢገኝ ፓምፑን አቁሞ መስመሩን ይቆልፋል። ከማጣሪያው ክሮች አንዱ ተቀዶ ደም ወደ ፈሳሹ ቢገባ ይጮኻል። የውኃውም ጥራት በዓለም አቀፍ ደረጃ ተወስኗል፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውኃ ውስጥ የሚገኙት ባክቴሪያዎች ከ100 በታች መሆን አለባቸው። ቆዳው ግን ደወል የለውም። መድኃኒቱ ሳይደርቅ መርፌ ቢገባ፣ ቦታው ከጸዳ በኋላ የደም ሥሩ በጣት ቢዳሰስ፣ ጥጡ ከአንዱ ሕመምተኛ አልጋ ወደ ሌላው ቢሻገር፣ መኪናው አንዳች ሳይል አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ሥራውን ይጀምራል። ጥፋቱ የሚታወቀው ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ሕመምተኛው ብርድ ብርድ ብሎት፣ ተንቀጥቅጦ፣ አተኩሶት ሲመጣ ነው። ያን ጊዜ ደግሞ የትኛው መርፌ፣ በየትኛው ቀን፣ በማን እጅ እንደ ሆነ መለየት አይቻልም።

ከልብና ከደም ሥር በሽታዎች ቀጥሎ የእጥበት ሕሙማንን ለሞት ከሚዳርጉት ምክንያቶች ዋነኛው ኢንፌክሽን መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ በልብ በሮች ላይ ይሰፍራል፤ በአከርካሪ አጥንት መካከል ይመረቅዛል። የኩላሊት ሕመም በራሱ የሰውነትን የመከላከል ኀይል ስለሚያዳክም፣ በጤነኛ ሰው ላይ ምንም የማያደርስ ጥቂት ተሕዋስ በእነዚህ ሕሙማን ላይ ብርቱ አደጋ ያስከትላል።

የዚህን ሕክምና ታሪክ በጥሞና የተመለከተ ሰው ታሪኩ በአብዛኛው የቆዳ በር ታሪክ መሆኑን ይገነዘባል። ኔዘርላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ እ.ኤ.አ. በ1943 የሚሽከረከር ከበሮ ያለውን ሰው ሠራሽ ኩላሊት በሕመምተኛ ላይ ሲሞክር፣ በየእጥበቱ የደም ሥር መቆረጥ ነበረበት። ሥሮቹ ሲያልቁ ሕክምናውም ያልቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 በሲያትል ከተማ ሐኪሙ ቤልዲንግ ስክሪብነር ቴፍሎን የተባለውን ፕላስቲክ ለዚሁ ችግር አሰበው፤ ቱቦውን አሙቆ እያጎበጠ በክንድ ልክ የሠራው ግን ዌይን ክዊንተን የተባለ መሐንዲስ ነበር። አንዱ ቱቦ በደም ወሳጁ፣ ሌላው በደም መላሹ ሥር ገብቶ ሁለቱም ከቆዳ ውጭ በመጋጠማቸው፣ በእጥበት መካከል ደሙ በዚያ ይዘዋወር ነበር። የመጀመሪያው ባለ ዕድል ክላይድ ሺልድስ የተባለ የማሽን ሠራተኛ ሲሆን፣ በዚህ ዘዴ ተጀምሮ ከአሥራ አንድ ዓመት በላይ ኖሯል። ሆኖም ቱቦዎቹ ከቆዳ የሚወጡበት ሥፍራ ሌሊትና ቀን ክፍት በር ነበር፤ ደም መርጋትና መመርቀዝ አልተለየውም።

መፍትሔው የመጣው በሩን እንደገና ከመዝጋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 ብሬሺያና ሲሚኖ የተባሉ ሐኪሞች፣ ቀዶ ጥገናውን ካከናወነው ከአፔል ጋር ሆነው፣ በእጅ አንጓ አጠገብ ደም ወሳጁንና ደም መላሹን ሥር ከቆዳ በታች የማገናኘትን ዘዴ አሳተሙ። ይህም ፊስቱላ ይባላል። በወሊድ ምክንያት ሴቶች ላይ ከሚደርሰው ፊስቱላ ጋር በስም እንጂ በነገሩ አይገናኝም። በደም ወሳጁ ግፊት ደም መላሹ ሥር ይሰፋል፤ ይወፍራል፤ መርፌ የሚገባውም ለእጥበቱ ሰዓት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ቆዳው ይዘጋል። ከሁሉም ዘዴዎች ኢንፌክሽን የሚያንስበት ይኸው መሆኑ የተረጋገጠ ነው። ነገር ግን ፊስቱላ ለመብሰል ሳምንታት ወይም ወራት ይፈልጋል፤ አስቀድሞ የሚያቅድ ሐኪምና የሚሠራ ቀዶ ጠጋኝ ይፈልጋል። ኩላሊቱ መድከሙ ዘግይቶ የታወቀ ሰው ግን የሚደርሰው በጭንቅ ሰዓት ስለሆነ በአንገቱ ወይም በብሽሽቱ በኩል ካቴተር ይገባለታል። በኢትዮጵያ ብዙዎቹ ሕሙማን ሕክምናውን የሚጀምሩት በዚሁ ሁኔታ ነው። ካቴተር ማለት ደግሞ ስክሪብነርና ክዊንተን የከፈቱት በር፣ ከልብ አጠገብ ይበልጥ ቀርቦ እንደገና ተከፈተ ማለት ነው።

አሁን ወደ ቆዳው እንመለስ። የሰው ቆዳ ምን ቢታጠብ ከተሕዋስያን ነጻ አይሆንም። ከገጹ ላይ ያሉትን አላፊዎች ሳሙናና ውኃ ያነሣቸዋል። ነዋሪዎቹ ግን በጠጉር ሥርና በዕጢዎች ቀዳዳ ውስጥ ስለሚሸሸጉ ከቶ አይጠፉም። ስለዚህ ብረት በእንፋሎት እንደሚመክን ቆዳ ሊመክን አይችልም፤ የሚቻለው ቁጥራቸውን ለተወሰነ ጊዜ እጅግ ዝቅ ማድረግ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ስታፊሎኮከስ ኦሬየስ የተባለው በጣም አስቸጋሪው ነው፤ ከሦስት ሰዎች በአንዱ ያህል አፍንጫ ውስጥ ያለ ጉዳት ይኖራል፤ ከአፍንጫ ወደ ጣት፣ ከጣት ወደ ክንድ ይሻገራል። በካቴተር ላይ ሲሰፍር ደግሞ በላዩ ሙጫ መሰል ሽፋን ያበጃል፤ ከዚያ በኋላ መድኃኒት በደም ሥር ቢሰጥም በቀላሉ አይደርስበትም። ብዙ ጊዜም ካቴተሩን ከማውጣት በቀር መፍትሔ አይገኝም።

ለዚህ ሥራ የተለመዱት መድኃኒቶች ሦስት ናቸው፤ ሦስቱም በጊዜ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። አልኮል የባክቴሪያውን ፕሮቲን በማበላሸት ፈጥኖ ይገድላል፤ ከተነነ በኋላ ግን የሚተርፍ ኀይል የለውም። ስለዚህ ብቻውን ሲሆን ከመውጋት ቀደም ብሎ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማሸት ያስፈልጋል። ፖቪዶን አዮዲን ኀይሉን ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ከሁለት እስከ ሦስት ደቂቃ በቆዳው ላይ መቆየትና መድረቅ አለበት፤ ደም ወይም መግል ሲነካውም ይደክማል። አዮዲን አንድ የሚያሳስት ጠባይ አለው። ቡናማ ቀለሙ ገና እንደ ተቀባ ስለሚታይ ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ቀለሙ የሚናገረው ግን መድኃኒቱ መድረሱን እንጂ ሥራውን መፈጸሙን አይደለም። ሦስተኛው ክሎርሄክሲዲን ነው። በአልኮል ተበጥብጦ ሲቀርብ አልኮሉ ወዲያው ይገድላል፤ ክሎርሄክሲዲኑ ደግሞ በቆዳው ላይ ተጣብቆ ለሰዓታት ይጠብቃል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ለ30 ሰከንድ ታሽቶ ፈጽሞ እስኪደርቅ መቆየት አለበት። በእፍታ፣ በማራገቢያ ወይም በጥጥ ማድረቅ የተከለከለ ነው፤ የሚደርቅበት ጊዜ ራሱ የሚሠራበት ጊዜ ነውና።

ሦስቱን ለማነጻጸር ከተደረጉት ጥናቶች ሁለቱ ሊጠቀሱ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1991 ማኪና ባልደረቦቹ 668 ካቴተሮችን ተከታትለው በታተመው ውጤት፣ ከ100 ካቴተሮች መካከል በቦታው የመረቀዙት በክሎርሄክሲዲን 2.3፣ በአልኮል 7.1፣ በፖቪዶን አዮዲን 9.3 ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ በፈረንሳይ አገር በ11 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች፣ የእጥበት ካቴተሮች ጭምር የተካተቱበት ጥናት ታተመ። በዚህ ጥናት ሁለቱም መድኃኒቶች በአልኮል የተበጠበጡ ነበሩ። በካቴተር ሰበብ የመጣው ኢንፌክሽን በ1,000 የካቴተር ቀናት ውስጥ በክሎርሄክሲዲን 0.28፣ በአዮዲን 1.77 ሆነ። መድኃኒቱን ከመቀባት በፊት ቆዳውን በማጽጃ መፈተግ ግን በዚያ ጥናት ተጨማሪ ጥቅም አላሳየም። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከልም እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ካቴተር ሲገባና ሽፋኑ ሲለወጥ ከ0.5 በመቶ በላይ ክሎርሄክሲዲን ያለበት የአልኮል መድኃኒት እንዲቀደም አድርጓል።

ከዚህ የተነሣ ነገሩ ሁሉ መድኃኒቱን በመግዛት ያልቃል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። ክሎርሄክሲዲን ሳይደርቅ ከተወጋበት፣ በአግባቡ ከታሸና ከደረቀ አዮዲን የተሻለ ስለ መሆኑ ማንም ዋስ አይሆንም። በሌላም በኩል ለመድኃኒቱ አለርጂ ያለባቸው ሰዎች አሉ፤ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ስለዚሁ ማስጠንቀቂያ ሰጥቷል። ለእነርሱ አማራጩ በመደርደሪያው ላይ መገኘት አለበት።

አልኮልን በሚመለከት በሆስፒታል ውስጥ ስለሚደረገው ማቅጠን ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ መሐንዲስ በቀላሉ ሊያስተካክለው የሚችል ጉዳይ ነውና። ብዙ ሰው የጠነከረ አልኮል ይበልጥ ይገድላል ብሎ ያምናል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ፕሮቲኑ እንዲበላሽ ውኃ ያስፈልጋል፤ ንጹሕ አልኮልም ከ70 በመቶው ያነሰ ኀይል አለው። 96 በመቶ ከሆነው 70 በመቶ ለማዘጋጀት 729 ሚሊ ሊትሩን ወስዶ በውኃ እስከ 1,000 ሚሊ ሊትር መሙላት ነው። እዚህ ላይ 271 ሚሊ ሊትር ውኃ ለክቶ መጨመር ልክ አይሆንም፤ አልኮልና ውኃ ሲቀላቀሉ መጠናቸው ስለሚያንስ ድምሩ ከአንድ ሊትር በታች ይወርዳል። ውኃውም የቧንቧ ውኃ ሊሆን አይገባም፤ አልኮል የባክቴሪያን ዘር መሰል ቅርፊት አይገድልምና። 70 በመቶ አልኮል ከ20 ዲግሪ ሴልስየስ በታች ባለ ሙቀትም ለመቀጣጠል የሚበቃ ትነት ስለሚሰጥ፣ የሚቀመጥበት ክፍል ነፋስ የሚገባበትና ከእሳት የራቀ መሆን አለበት።

ዕቃው ራሱ ምንጭ ሊሆን እንደሚችልም መዘንጋት የለበትም። እ.ኤ.አ. በ1980 በኒው ዮርክ ሆስፒታሎች ከሕሙማን ደም ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ ተብሎ ሲመረመር፣ ባክቴሪያው የተገኘው ቆዳ ለማጽዳት በሚያገለግለው ፖቪዶን አዮዲን ውስጥ ነበር። ተሕዋስያንን እንዲገድል የተሠራው መድኃኒት እነርሱኑ አስጠልሎ ነበር ማለት ነው። ትልቅ ጠርሙስ ከፍቶ ለሳምንት መጠቀም፣ ያለቀውን ሳያጥቡ በላዩ መሙላት፣ ጥጥ በመድኃኒት ውስጥ ነክሮ በማሰሮ ማኖር ይህን የመሰለ አደጋ ይጋብዛል። ዋጋው ከፍ ቢልም ለአንድ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል እሽግ የሚመረጠው በዚህ ምክንያት ነው።

የቁስ ጉዳይም አለ። ካቴተሮች የሚሠሩት ከፖሊዩሬቴን ወይም ከሲሊኮን ነው። አንዳንዱ ፖሊዩሬቴን አልኮል ለረጅም ጊዜ ሲነካው ይለሰልሳል ወይም ይሰነጠቃል፤ ፖሊኤቲሊን ግላይኮል ያለበት ቅባትም ይጎዳዋል። ሲሊኮን ደግሞ ከአዮዲን ጋር የማይስማማበት ጊዜ አለ። ስለሆነም ካቴተርና የቆዳ መድኃኒት በተለያዩ ጨረታዎች፣ በተለያዩ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን ሳያውቅ መገዛታቸው ሊቀር ይገባል። የፋብሪካው መመሪያ አንድ ገጽ ቢሆን ነው፤ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው ግን በብዙ ቦታ አልተመደበም።

ይህ ሁሉ ከታወቀ ዘንድ ለምን አይፈጸምም የሚለው ጥያቄ ይነሣል። ብዙውን ጊዜ መልሱ የነርሶች ቸልተኝነት ነው ይባላል። ይህ ፍርድ ፈጥኖ የተሰጠ ይመስላል። ለምሳሌ ያህል 12 መኪናዎች ያሉትና በቀን ሦስት ፈረቃ የሚያስተናግድ ክፍል ይታሰብ። በቀን 36 ሕሙማን ይታጠባሉ። ለአንድ ሰው እጅን ማጽዳት፣ ጓንት መልበስ፣ ሁለቱን ቦታዎች እያንዳንዳቸውን 30 ሰከንድ ማሸትና እስኪደርቁ መጠበቅ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ ይወስዳል። አንዲት ነርስ አራት መኪና ብትይዝ በእያንዳንዱ ፈረቃ መለዋወጫ ለዚህ ብቻ 12 ደቂቃ ያስፈልጋታል። ነገር ግን በዚያው ጊዜ የቀድሞውን ሕመምተኛ መፍታት፣ ደሙን ማቆም፣ መኪናውንና ወንበሩን መወልወል፣ አዲስ ማጣሪያና ቱቦ መግጠም፣ ማጠብና መፈተሽ አለባት። መለዋወጫው ግማሽ ሰዓት ሆኖ ሲታቀድ፣ መኪናው የራሱን የመፈተሻ ጊዜ ለማንም አያጎድልም፤ ሳይጨርስ አይነሣምና። የሚጎድለው የሚጎድልለት ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ቆዳው የሚደርቅበት ጊዜ ነው። ይህ የሰው ጠባይ ጉድለት ከመባሉ በፊት የዕቅድ ጉድለት ነው።

ዕቅድ ሲስተካከል ውጤቱ እንደሚለወጥ የሚያሳይ ማስረጃ አለ። የአሜሪካው የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማእከል 17 የእጥበት ክፍሎችን አስተባብሮ ያደረገው ሥራ እ.ኤ.አ. በ2013 ታትሟል። በእነዚህ ክፍሎች ክሎርሄክሲዲን በሥራ ላይ ዋለ፤ የካቴተሩ አፍ በየጊዜው እየታሸ ይጸዳ ጀመር፤ የሠራተኛው የእጅ ንጽሕና በተመልካች እየታየ ይመዘገብ ነበር፤ ውጤቱም ለሠራተኞቹ ይነገራቸው ነበር። ከደም ሥር መግቢያው ጋር የተያያዘው የደም ኢንፌክሽን በ54 በመቶ ቀነሰ። አዲስ መኪና አልተፈለሰፈም፤ የተለወጠው የሥራው ቅደም ተከተልና ክትትሉ ነው።

እንግዲህ የኩላሊት እጥበት ክፍል ሲነደፍ የመሐንዲሱ ድርሻ የት ላይ እንደሚወድቅ ግልጽ ነው። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2015 የኩላሊት ንቅለ ተከላ ከተጀመረ ወዲህ ተራቸውን የሚጠብቁትንም ሆነ ንቅለ ተከላ የማይደርሳቸውን የሚያኖራቸው እጥበት ነው፤ ክፍሎቹም እየበዙ ይሄዳሉ። በንድፉ ላይ ከመግቢያው በር አጠገብ ሕመምተኛው ወንበሩ ላይ ሳይቀመጥ ክንዱን እስከ ክርኑ በሳሙና የሚታጠብበት ሰፊ ገንዳ ይኑር። እጅ ሳይታጠቡ ወደ ማዕድ መቅረብ ነውር በሆነበት አገር ይህን ለማስለመድ ብዙ ስብከት አያሻም፤ ውኃውና ቦታው እንዲኖር ብቻ ነው። ሳሙናው ግን በደንብ መለቅለቅ አለበት፤ ቅሪቱ ክሎርሄክሲዲንን ያደክማልና። የእጅ ማጽጃ አልኮል በእያንዳንዱ ወንበር አጠገብ፣ ነርሷ ሳትራመድ እጇን ብትዘረጋ በምታገኘው ርቀት ይሰቀል። የመድኃኒት ጋሪ ከወንበር ወደ ወንበር አይዙር፤ የአንዱ ሕመምተኛ ዕቃ በአንድ ዝርግ ሣህን ተዘጋጅቶ ወደ እርሱ ብቻ ይሂድ። የደም ሥሩ የሚዳሰሰው ከማጽዳት በፊት እንጂ በኋላ እንዳይሆን፣ መብራቱ የጣሪያ መብራት ብቻ ሳይሆን ክንዱ ላይ የሚያርፍ ይሁን፤ በደንብ የሚታይ ሥር ሁለት ጊዜ አይዳሰስም።

በጨረታ ሰነድ ላይም ከመኪናው ዋጋ ጎን የመለዋወጫው ጊዜ በደቂቃ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ ከግማሽ ሰዓት ይልቅ 45 ደቂቃ ቢሆን በቀን የሚታጠበው ሰው ቁጥር ይቀንስ እንደ ሆነ፣ ወይስ የክፍሉ መክፈቻ ሰዓት ቀደም ቢል ይበቃ እንደ ሆነ አስቀድሞ ይሰላ። በመጨረሻም የሰከንድ ዘንግ ያለው ትልቅ የግድግዳ ሰዓት፣ አጎንብሳ የምትሠራው ነርስ ቀና ስትል ከየትኛውም ወንበር በሚታያት ከፍታ ይሰቀል። ሕመምተኛውም ከተቀመጠበት ሊያየው ይገባል፤ ክንዱ የእርሱ ነውና፣ ሠላሳውን ሰከንድ ከነርሷ ጋር አብሮ ይቁጠር።